ከአንዱ ፎቶግራፍ ወደ ሌላው፦ የሰውን ምስል ከነነጠላው ዘርፍ ስለ ማሻገር

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ማለትም አዲስ አበባን በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገዶች በኩል ከብበው ኖረው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች ፎቶ ቤት ከፍቶ የሚሠራ ሰው፣ ከጉርድ ፎቶግራፍና ከሠርግ አልበም ቀጥሎ ደጋግሞ የሚቀርብለት ልመና ቢኖር፣ በቤተ ሰቡ መካከል ያልነበረውን ሰው በሥዕሉ ውስጥ አግብቶ ከወገኖቹ ጋር ማቆም ነው። አንዲቱ ልጅ ኑሮዋ ዋሽንግተን ነው፤ የቀሩት ወንድሞቿና እኅቶቿ በአገር ቤት አሉ፤ እናታቸው ደግሞ ልጆቼን ሁሉ በአንድነት ቆመው በግድግዳዬ ላይ ልያቸው ይላሉ። ለዚህ ሙያ ከዚህ የበለጠ የተገባ ምክንያት ስለማላውቅ፣ መመሪያውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚሁ ምሳሌ እመራዋለሁ፤ ልጅቱ በስልክ ተነሥታ የላከችው አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ ቤተ ሰቡ በመስከረም ወር በሱሉልታ ሜዳ ላይ በአደይ አበባ መካከል ቆሞ የተነሣው ሌላ ፎቶግራፍ አለ፤ የእርስዎም ሥራ እርስዋን ከዚያ አውጥተው እዚህ ማቆም ነው።

ምስልን ከምስል ጋር ማጋጠም ከኮምፒውተር የቀደመ ጥበብ ነው። በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው ስዊድናዊው ኦስካር ሬይላንደር ከ30 በላይ ኔጋቲቮችን አጋጥሞ አንድ ትልቅ ሥዕል ያወጣው በ1857 እ.ኤ.አ. ነበረ፤ በአገራችንም የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያንና ሙያውን የወረሱት ልጆቻቸው በሠሩበት ዘመን፣ የፎቶግራፍን መልክ ማረም የመቀስ፣ የሙጫ፣ የቀጭን ብሩሽና የሾለ እርሳስ ሥራ ነበረ። ፎቶሾፕ የተባለው፣ ቶማስ ኖልና ወንድሙ ጆን ኖል የደረሱት ፕሮግራም በ1990 እ.ኤ.አ. ለገበያ ወጣ፤ ዛሬ ያለ እርሱ መሥራት የማይታሰበው ሌየር፣ ይኸውም አንዱ ምስል ሌላውን ሳይነካ በላዩ የሚነጠፍበት ድርብርብ መደብ፣ የተጨመረለት በ1994 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትም ነው። የፎቶሾፕን ዋጋ ለመክፈል የማይቻለው ሰው ጂምፕ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ቢሠራ፣ የአንዳንዱ መሣሪያ ስምና የቁልፉ ቦታ ይለወጥበታል እንጂ ከዚህ በታች የምናገረው ሥርዓት አይለወጥበትም።

ጀማሪው ሁሉ የሚስተው ነገር ይህ ነው፤ የሰውን ምስል ዙሪያ አንድ ወጥ መስመር አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ስለዚህም አንድ መሣሪያ መርጦ ከጫማ እስከ ጠጉር፣ ከጠጉር እስከ ጫማ በዚያው ይዞራል፤ ሥራውም ከተፈጸመ በኋላ ልጅቱ ከካርቶን ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች። ወሰኑ ግን አንድ ባሕርይ የለውም። ትከሻ፣ ክንድና ጫማ ጥርት ያለ ወሰን አላቸው፤ ጠጉር በሺህ ቀጫጭን ክሮች ወደ አየሩ የሚቀልጥ ወሰን አለው፤ ነጠላ ደግሞ ከውስጡ የኋላው ነገር የሚታይበት፣ ስለዚህም ከፊሉ የልብሱ ከፊሉ የኋላው የሆነ ወሰን አለው። መሣሪያውን ከማንሣትዎ በፊት ምስሉን አጉልተው ዙሪያውን በዓይንዎ ይዙሩትና ከየት እስከ የት የትኛው ባሕርይ እንዳለ ለይተው ይወቁ።

ነገር ግን ከዚህም የሚቀድም ሥራ አለ፤ እርሱም የፎቶግራፉ ምርጫ ነው። ደንበኛው የሚያመጣልዎት ምስል በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ከሆነ፣ ረዥሙ ጎኑ ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ተጨምቆ ይደርሳል፤ ይህም በኅትመት ልማድ፣ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ሲታሰብ፣ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሚሸፍን ነው፤ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን የግድግዳ ሥዕል ግን ረዥሙ ጎን 4700 ፒክስል ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ልጅቱ ምስሉን እንደ ፋይል አድርጋ በድጋሚ እንድትልከው ይጠይቁ። ከተቻለም ከናካቴው አዲስ ፎቶግራፍ ትነሣ፤ ባዶ ግድግዳ ፊት፣ ከግድግዳውም አንድ ሁለት ሜትር ራቅ ብላ፣ ስልኩ በቆመ ሰው ዓይን ትክክል ተይዞ፣ ከነጫማዋ ሙሉ ቁመቷ ገብቶ። ይህን ለማስረዳት የሚያልፈው የስልክ ንግግር፣ በኋላ በኮምፒውተር ፊት ከሚያልፈው ግማሽ ቀን ይልቅ እጅግ ያነሰ ነው።

ስለ ብርሃን ጥቂት ዘርዘር አድርጌ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ የተደከመበትን ሥራ የሚያጋልጠው ከአቆራረጡ ይልቅ ብርሃኑ ነው። ሱሉልታ ከምድር ወገብ በሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ በመስከረም አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ ከራስ በላይ ለመሆን ጥቂት ብቻ ይቀራታል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በዚያን ሰዓት የሚጥለው ጥላ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዋሽንግተን ግን በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ በላይ የምትወጣው 28 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የዚያው ሰው ጥላ ከ3 ሜትር ያልፋል፤ ብርሃኑም ፊቱን ከጎን ይመታዋል። እንግዲህ በታኅሣሥ ፀሐይ ዋሽንግተን ላይ የተነሣችውን ልጅ በመስከረም ቀትር ሱሉልታ ላይ ቢያቆሟት፣ የወንድሞቿ ጥላ ከእግራቸው ሥር ተሰብስቦ የእርስዋ ጉንጭ ብቻ በአንድ ወገን ያበራል፤ ማንም ተመልካች ምክንያቱን መናገር ባይችልም ዓይኑ አንድ ነገር እንደ ተዛባ ያውቃል። በአገራችንም ቢሆን ወቅቱን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከእኛ ወደ ሰሜን ናት፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ወደ ደቡብ ናት። ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያድነው መንገድ ሁለቱንም ወገን በደመና ወይም በጥላ ሥር ማንሣት ነው፤ እንዲህ ያለው ብርሃን ለስላሳና አቅጣጫው ያልጎላ ስለሆነ ከየትም ቢመጣ ይታረቃል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ሁለቱን ምስሎች ይክፈቱ፤ የልጅቱን ምስል ሌየር በኮንትሮልና በጄ ቁልፍ አባዝተው ዋናውን ሳይነኩ ያስቀምጡት። ሥራው የሚጀመረው ጥርት ካለው ወሰን ነው፤ ለዚህም ከሁሉ የሚታመነው ፔን ቱል ነው። ላሶ፣ በማውስ እየጎተቱ በነጻ እጅ የሚዞሩበት መሣሪያ፣ ለግምት ሥራ መልካም ነው፤ ፖሊጎናል ላሶ ቀጥ ያለ ጠርዝ ላለው ሳጥን ወይም ቤት ይስማማል፤ ማግኔቲክ ላሶ ልብሱ ከኋላው በቀለም እጅግ ሲለይ ይረዳል፤ ለሰው ትከሻና ክንድ ግን እጅ የማያናውጠው የፔን መስመር ይበልጣል። ምስሉን ወደ 200 በመቶ አጉልተው ከአንድ ትከሻ ይነሡና ነጥብ እየተከሉ ይሂዱ፤ በቀጥታው ቦታ ጠቅ ማድረግ ይበቃል፤ በጠመዝማዛው ግን ማውሱን ሳይለቁ እየጎተቱ መስመሩን ያጎብጡታል። ጀማሪ ነጥብ ያበዛል፤ ነገር ግን የአገር ሽማግሌዎች የርስት ድንበር ሲያካልሉ ድንጋዩን የሚተክሉት ድንበሩ በሚታጠፍበት ቦታ እንጂ በየእርምጃው እንዳልሆነ፣ እርስዎም ነጥቡን አካሉ በሚታጠፍበት ቦታ ብቻ ይትከሉ። መስመሩም ከወሰኑ ላይ ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይሂድ፤ በትክክል በጠርዙ ላይ ከሄደ የቀድሞው ግድግዳ ቀለም እንደ ቀጭን ክር ተከትሎ ይመጣልና።

ዙሪያው ሲገጥም ኮንትሮልና ኢንተር በአንድነት ቢጫኑ መስመሩ ወደ ምርጫ ይለወጣል፤ ፌዘር የተባለውን የጠርዝ ማለስለሻ ከግማሽ እስከ አንድ ፒክስል ይስጡት። በክንድና በወገብ መካከል ያለውን ክፍተት አይርሱ፤ በዚያች ትንሽ ቀዳዳ የዋሽንግተን ግድግዳ በሱሉልታ ሜዳ መካከል ተገልጦ የቀረባቸው ፎቶግራፎች ጥቂት አይደሉም። አልት ቁልፍን ይዘው ያንን ክፍተት በላሶ ቢያካልሉ ከምርጫው ይቀነሳል፤ ሺፍት ቁልፍን ይዘው ቢያካልሉ ደግሞ የቀረው ይጨመራል።

ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፎቶሾፕ ሴሌክት ሰብጀክት የሚባል፣ ሰውየውን በአንድ ጠቅታ ለይቶ የሚመርጥ ትእዛዝ አለው፤ ስልኮችም ይህንኑ ይሠራሉ። ጊዜ ለማትረፍ በእርሱ ቢጀምሩ አልነቅፍም፤ አካልንና ሱሪን በደኅና ይመርጣልና። በነጠላ ዘርፍና በጎፈሬ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ግማሹን ቆርጦ ይጥላል ወይም ከግድግዳው ጋር ጠቅልሎ ያመጣል፤ የባለሙያው ድርሻ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ምርጫው ሲፈጸም ዲሊት የሚለውን ቁልፍ አይንኩ። በሌየሮች ሰሌዳ ግርጌ ያለውን የማስክ ምልክት ይጫኑ፤ የቀረው ክፍል ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። በማስክ ላይ ጥቁር ቀለም ይሰውራል፣ ነጭ ይገልጣል፣ ግራጫ በከፊል ያሳያል፤ ስለዚህ ጣት የተቆረጠባት እንደሆነ በነጭ ብሩሽ ጣቷን መመለስ ነው። የኤክስ ቁልፍ ጥቁሩንና ነጩን እያለዋወጠ ስለሚሰጥ ግራ እጅዎ ከእርሱ ላይ አይራቅ።

ለጠጉሩ ሴሌክት ኤንድ ማስክ ወደተባለው ክፍል ይግቡ፤ በዚያ ያለውን ሪፋይን ኤጅ ብሩሽ በጠጉሩ ጫፍ ላይ፣ ግማሹ በጠጉሩ ግማሹ በግድግዳው እየሆነ ያስኪዱት፤ ፕሮግራሙ ክሩን ከኋላው ቀለም ለመለየት ይሞክራል። ሹሩባ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ ራሱ ላይ ወሰኑ ጥርት ያለ ስለሆነ ብሩሹ የሚፈለገው ጫፉ በተበተነበት ቦታ ብቻ ነው። ጎፈሬ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንዳንዴም ሁሉንም ክር ለማዳን መታገል ከንቱ ስለሆነ፣ ውስጠኛውን ክብ በደኅና መርጦ የጠፉትን ጥቂት ክሮች አንድ ፒክስል በሆነ ብሩሽ በእጅ መልሶ መሣል ይሻላል። ዲኮንታሚኔት ከለርስ የሚለውን ምልክት ቢያደርጉበት በጠጉሩ ጫፍ የቀረውን የግድግዳ ቀለም ያጥበዋል፤ ከልክ አልፎ ሲበዛ ግን ጠጉሩን አመድ ያስመስለዋል።

ነጠላው የቀረን ነው፤ ውበቱም ድካሙም ያለው በእርሱ ነው። ጥለቱ ጥቅጥቅ ያለ ሽመና ስለሆነ በፔን ይቆረጣል፤ መካከለኛው ስስ ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ ከተገለጠ የቀድሞው ግድግዳ በውስጡ ታትሞ ይመጣል። እንዲህ ያድርጉ፤ መጀመሪያ ነጠላውን በሙሉ በምርጫው ውስጥ ያግቡት፤ ቀጥሎ በማስኩ ላይ፣ ነጠላው ከሰውነቷ ርቆ በአየር ላይ በተዘረጋበት ቦታ ብቻ፣ ኃይሉ 30 በመቶ በሆነ ለስላሳ ጥቁር ብሩሽ ቀስ ብለው ይለፉበት፤ አዲሱ ሜዳና አደይ አበባው በጨርቁ ውስጥ ፈዘዝ ብለው መታየት ይጀምራሉ። በሰውነቷ ላይ ያረፈውን ክፍል አይንኩት፤ ከበስተኋላው ቀሚሷ እንጂ ሜዳው የለምና። በስሱ ጨርቅ ውስጥ የቀረ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ጥላ ካለ፣ አዲስ ባዶ ሌየር ከላዩ ከፍተው በኮንትሮል፣ በአልትና በጂ ከልጅቱ ሌየር ጋር ያቆራኙት፤ አቀላቀሉን ‹ከለር› በሚለው ላይ አድርገው ከነጠላው ንጹሕ ክፍል በወሰዱት ነጭ ይቅቡት። ዘርፉን በተመለከተ፣ ሽቦ መስሎ ከሚወጣ ቢያጥር ይሻላል ባይ ነኝ።

እንግዲህ ልጅቱ ለመንገድ ተዘጋጅታለች። ሌየሩን ከነማስኩ በሙቭ ቱል ይዘው ወደ ቤተ ሰቡ ምስል ይጎትቱት፤ ከማሳነስዎም በፊት ወደ ስማርት ኦብጀክት ይለውጡት፤ ያን ጊዜ ደጋግመው ቢያሳንሱትና ቢያተልቁት ጥራቱ አይጎዳም። ኮንትሮልና ቲ ሲጫኑ መጠኑን የሚለውጡበት ሳጥን ይከበዋል፤ ስፋቱና ቁመቱ እንዳይዛነፍ በማዕዘኑ ብቻ ይያዙት፤ ፕሮግራምዎ የቆየ እትም ከሆነ ሺፍትን አብረው ይጫኑ።

ምን ያህል ትተልቅ ለሚለው ብዙዎች በግምት ይመልሳሉ፤ የሱሉልታ ሜዳ ግን ለጥ ያለ ስለሆነ የታወቀ ሕግ አለው። ካሜራው በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ ተይዞ ከነበረ፣ በዚያ ሜዳ ላይ በዚያው ቁመት የቆመ ሰው ሁሉ፣ ቢቀርብም ቢርቅም፣ ዓይኑ በአድማሱ መስመር ላይ ያርፋል፤ ራቅ ያለው እግሩ ከፍ ይላል እንጂ ዓይኑ ከመስመሩ አይወርድም። ሩቅ ያለው ተራራ አድማሱን ሸፍኖት እንደሆነ የወንድሞቿን ዓይን በመስመር አገናኝተው ይጠቀሙበት፤ ልጅቱም በቁመት ከእነርሱ የምታንሰውን ያህል ዝቅ ያድርጓት። በቡራዩ ኮረብታ ላይ ወይም ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተዳፋት ለተነሣ ምስል ይህ ሕግ አይሠራም፤ በዚያ ከአጠገቧ የቆመውን ሰው ትከሻ መለኪያ ማድረግ ይገባል።

የጫማዋ ነገር የሥራው ፈተና ነው። በሣር ላይ የቆመ ሰው ጫማው በሣሩ ከፊል ይሸፈናል፤ ስለዚህ በማስኩ ላይ የሣር ቅርጽ ባለው ብሩሽ የጫማዋን ግርጌ በጥቂቱ ሰውረው የሜዳው ሣር በላዩ እንዲወጣ ያድርጉ። ከዚያ ከእርስዋ በታች ባለ አዲስ ሌየር ላይ ሁለት ጥላ ይሥሩላት፤ አንደኛው ከጫማዋ ሥር የሚያርፍ፣ ጠባብና ጥቁር ነው፤ ሁለተኛው ሰፋ ያለና የፈዘዘ ሆኖ በወንድሞቿ ጥላ አቅጣጫና ርዝመት የሚሄድ ነው። ጥላውን በፍጹም ጥቁር ቀለም አይቀቡት፤ ከወንድሞቿ ጥላ ላይ ቀለሙን በመውሰጃው ቀድተው በእርሱ ይቅቡ። ገፈርሳ ግድብ ዳር የተነሣ ምስል ላይ የሚያቆሟት ከሆነ ደግሞ ውኃው ላይ የሌሎቹ አምሳል ሲታይ የእርስዋ እንዳይጎድል ምስሏን ገልብጠው፣ አደብዝዘው ያኑሩላት። ከጉልበቷ በታች የሌለ ፎቶግራፍ ብቻ ካለዎት ግን ጫማ ፍለጋ አይድከሙ፤ ከኋላ ረድፍ፣ በእናቷና በወንድሟ ትከሻ መካከል ያቁሟትና የእነርሱን ትከሻ ወሰን በማስኩ ላይ ይቁረጡ።

ቀለሙን ለማስታረቅ ከርቭስን ከእርስዋ ሌየር ጋር አቆራኝተው መጀመሪያ የጨለማውንና የብርሃኑን መጠን፣ ቀጥሎም ኅብሩን ያስተካክሉ። ሚዛኑ ነጠላ ነው፤ የእናቷ ነጠላ በሜዳው ላይ ወደ ሰማያዊ ካዘነበለ የልጅቱም ወደዚያው ያዘንብል፤ በቤት ውስጥ አምፖል ተነሥታ ወደ ቢጫ የሄደ እንደሆነ ቢጫውን ይቀንሱ። በመጨረሻም ሁለቱን በአንድነት በ100 በመቶ መጠን ይመልከቱ፤ የስልክ ምስል ብዙ ጊዜ ከካሜራው ይልቅ የተሳለ ወይም የተሸበረቀ ስለሚሆን፣ በጥቂት ማደብዘዣ ወይም በጥቂት ኖይዝ ከሌሎቹ ጋር ያመሳስሉት። በየመካከሉ ኮንትሮልና ኤስ መጫንን አይዘንጉ፤ መብራት ሳይነግር ይሄዳልና።

አንድ ነገር ከሥራው ውጭ ቢመስልም ከሥራው ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ወራት በእስላም ልብስ የሚያሳያቸው ፎቶግራፍ ይዞር እንደነበረ፣ ያም ተቀጣጥሎ የተሠራ እንደሆነ ሲነገር ኖሯል፤ ምስልን ማጋጠም በዚያ ዘመንም ቢሆን በአገር ጉዳይ የሚጠረጠር ክሂል ነበረ። ስለዚህ ፊትን ከሌላ አካል ጋር የሚያጋጥም፣ ሰውን ባልዋለበት ስብሰባ የሚያውል ወይም ለመታወቂያና ለማስረጃ የሚቀርብ ሥራ ቢመጣልዎት ይመልሱት። ለቤተ ሰብም በሚሠራው ላይ፣ የልጅ ልጆች ኋላ እንዳይሳሳቱ፣ ከኅትመቱ ጀርባ ሁለቱ ፎቶግራፎች የት የት እንደ ተነሡና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተጋጠሙ በእርሳስ ይጻፉ።

ሌየሮቹን ሳያዋሕዱ ፋይሉን በፒኤስዲ ያስቀምጡ፤ ለኅትመት የሚሄደውን ግን በሌላ ስም በጄፔግ ያውጡት። ትልቁን ከማሳተምዎ በፊት የልጅቱን ፊትና ከአጠገቧ ያለውን ወንድሟን ብቻ ቆርጠው በትንሽ ወረቀት ያሳትሙና ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን ይመልከቱት፤ በስክሪን ላይ የተስማማው የፊት ቀለም በወረቀት ላይ ሊለያይ ይችላል፤ ከተለያየም ወደ ከርቭሱ ተመልሰው ካረሙ በኋላ 30 በ40ውን ያዝዛሉ።